ካርዱ አልተበላሸም፤ ፒን ጠያቂው ነው መንገድ የጠፋው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ባለው የኡቡንቱ ኮምፒውተር ላይ የጊት ኮሚቶቼን (የኮድ ለውጦቼን መዝገብ) የምፈርመው በዩቢኪ፣ ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ነው። ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ይውላል። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ችግር የለም፤ ፒን የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል፣ እጽፋለሁ፣ አለቀ። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ሸዋ ሮቢት ስለምሠራ ከዚያ ሆኜ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት በተርሚናል ነው የምገባው። ያኔ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይገተራል። አንዳንዴ ‹ኢንአፕሮፕሪየት አዮክትል ፎር ዲቫይስ› ብሎ ይመልሰኛል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ‹ኤክስፖርት ጂፒጂ ቲቲዋይ› የሚል መስመር ተርሚናሉ ላይ ጽፌ ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ወደ ብዙ መስኮት የሚከፍለውን ፕሮግራም) ከፈትኩ። ሳጥኑ መጣ። ፒኑን ስጽፍ ግን ግማሹ ፊደል ይዘላል፤ ሁለት ጊዜም ‹ስህተት› አለኝ። ካርዱ ተበላሽቶ ነው? ቁልፉን ደምስሼ አዲስ ልፍጠር? ወይስ ፒኑን ስክሪፕት ውስጥ ከትቼ ልገላገል?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ። ዩቢኪ ላይ ያለው የኦፕንፒጂፒ ካርድ፣ ማለትም የፊርማ ቁልፍህን የያዘው ክፍል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ለተሳሳተ ፒን የሚሰጠው 3 ዕድል ነው። ሁለቱን ተጠቅመሃል። ሦስተኛው ከተሳሳተ ፒኑ ይቆለፋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እስክትጨርስ ድረስ ፒን የሚባል ነገር አትጻፍ።

የቀረህን ለማወቅ ፒን አያስፈልግም። ጂፒጂ (የሚፈርምልህና የሚያመሰጥርልህ ፕሮግራም ነው) ብለህ፣ ክፍተት ትተህ፣ ሁለት ሰረዝ አድርገህ ካርድ-ስታተስ በል። (ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፤ በስልክ ለሰው ሳስረዳ እንደማደርገው። አንተ በላቲን ፊደል ትተይባቸዋለህ።) ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ፒን ሪትራይ ካውንተር» የሚል መስመር አለ፤ ሦስት ቁጥሮች ይዟል። የመጀመሪያው የአንተ የተጠቃሚው ፒን ነው። ሦስተኛው የአስተዳዳሪው ፒን ነው። መካከለኛው የመክፈቻ ኮድ የሚባለው ነው፤ ካላዘጋጀኸው 0 ይላል፣ አያስደንግጥህ። ያንተ «1 0 3» የሚል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ትክክለኛ ፒን ካስገባህ የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 3 ይመለሳል።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ጥያቄህ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ፒን የሚጠይቅህ ጂፒጂ ይመስልሃል። አይደለም። ከ2.1 ስሪት ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ የምስጢር ቁልፍን ነገር ጠቅልሎ የያዘው ጂፒጂ-ኤጀንት የሚባል ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ኤጀንቱም ቢሆን አንተን ፊት ለፊት አያናግርህም። ፒንኤንትሪ የሚባል ሦስተኛ ትንሽ ፕሮግራም ይልካል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስብ። ጂፒጂ ዕቃ ወጪ ማድረግ የፈለገ ሠራተኛ ነው። ኤጀንቱ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው፤ ቁልፉን የያዘው እሱ ነው፤ ከወንበሩ ግን አይነሳም። ፒንኤንትሪ ተላላኪው ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ አስፈርሞ ይመለሳል። ተላላኪው የትኛው ቢሮ እንዳለህ ካልተነገረው ምን ያደርጋል? ወይ ትናንት ወደነበርክበት ቢሮ ሄዶ ባዶ ወንበር ፊት ይቆማል፣ ወይ በሩ ጠፋኝ ብሎ ይመለሳል። አንተን የገጠመህ ይኸው ነው። ፒንህ ልክ ነው። ካርድህም ጤነኛ ነው።

«ዝም ብሎ ይገተራል» ያልከውን እንመልከት። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ በልማድ የሚላከው ተላላኪ ግራፊክ ሳጥን የሚያወጣው ፒንኤንትሪ-ግኖም 3 ነው። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር አንተ እንደገባህበት፣ ስክሪኑም ሳይቆለፍ ከዋለ፣ ሳጥኑ የሚወጣው እዚያው ደብረ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ነው። አንተ ሸዋ ሮቢት ላብህን እየጠረግህ ትጠብቃለህ፤ ሳጥኑ ደግሞ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ፒን ይጠብቃል። ባልደረባህ አይቶት «ቫይረስ ነው» ብሎ ከዘጋው ያንተ ተርሚናል «ኦፕሬሽን ካንስልድ» ይላል። ይህን መልእክት አይተህ ከሆነ ማን እንደዘጋው ቢሮ ጠይቅ። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፦ ዩቢኪው በጣት እንዲነካ ተደርጎ ከተዘጋጀ፣ ከርቀት የሚነካው ሰው ስለሌለ ያም ዝም ብሎ መገተር ይመስላል። ይህ ግን አንተው ካልከፈትከው በስተቀር ከፋብሪካ ሲመጣ ዝግ ነው።

«አዮክትል» የሚለው ስህተት የሚመጣው ደግሞ ስክሪኑ ተቆልፎ ሲሆን ነው። ፒንኤንትሪ-ግኖም የዴስክቶፑ ስክሪን መቆለፉን ካየ ሳጥን ማውጣቱን ትቶ ወደ ከርሰስ ይዞራል። ከርሰስ ማለት ሳጥኑን በፊደልና በመስመር ተርሚናል ውስጥ የሚስለው ዓይነት ነው። ግን የትኛው ተርሚናል? ያን የሚነግረው ጂፒጂ ቲቲዋይ የሚባለው ተለዋዋጭ ነው፤ የቢሮ ቁጥርህ በለው። ቁጥሩ ካልተሰጠ ተላላኪው ተርሚናል ያልሆነ ነገር ላይ ተርሚናልን ብቻ የሚመለከት ጥያቄ ያነሳል። ስህተቱ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ለዚህ መሣሪያ የማይሆን ጥያቄ። ጊት ደግሞ ይህን ሁሉ አሳጥሮ «ጂፒጂ ፌይልድ ቱ ሳይን ዘ ዳታ» ይልሃል። ጥፋቱ የጊት አይደለም፤ የጊትን ማስተካከያ አትነካካ።

ሦስተኛውና ክፉው የግማሽ ፊደሉ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኸው መስመር ትክክል ነው፤ የጻፍክበት ቦታና ጊዜ ነው የተሳሳተው። መስመሩን በእጅህ ጻፍክ፣ ከዚያ ቲመክስን ከፈትክ። የቲመክስ መስኮቶች የተለዋዋጩን ዋጋ ከውጭ ወረሱት። ግን እያንዳንዱ የቲመክስ መስኮት የራሱ ተርሚናል ነው፤ ቁጥሩም ሌላ ነው። ስለዚህ ተላላኪው በተነገረው ቁጥር ሄዶ ሳጥኑን የሳለው በውጭኛው ተርሚናል ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ቲመክስ ራሱ ቁጭ ብሎ ከኪቦርድህ የሚመጣውን ያነባል። ሁለት ሰው ከአንድ ገበታ ሲሻማ ማለት ነው፤ አንዱን ፊደል ቲመክስ፣ ሌላውን ፒንኤንትሪ ይጎርሰዋል። ካርዱ የደረሰው የተሸራረፈ ፒን ነው፤ ስህተት ቢል አይፈረድበትም። ከ6 ፊደል ያነሰ ቢሆን ኖሮ ጂፒጂ ራሱ «አጭር ነው» ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ሙከራም አይቆጠርብህም። ያንተ ፒን ረዘም ያለ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቲመክስ የጎረሰው ግማሽ የት ሄደ? ወደ ትእዛዝ መስመርህ። ኢንተር ስትመታ እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ብሎህ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የፒንህ ግማሽ የባሽ ታሪክ ፋይል፣ ማለትም የጻፍካቸው ትእዛዞች የሚመዘገቡበት ፋይል ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ሂስትሪ ብለህ ፈልገው፣ አጥፋው፤ ፒኑንም ትቀይረዋለህ። መቀየሪያው አሁን አይደለም፣ እደርስበታለሁ።

ማስተካከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስመሩን በእጅ መጻፍ ትተህ ቤት ፎልደርህ ውስጥ ባለው፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው ባሽአርሲ ፋይል መጨረሻ ላይ አስቀምጠው፦ ኤክስፖርት፣ ክፍተት፣ በትልልቅ ፊደል ጂፒጂ፣ የግርጌ ሰረዝ፣ ቲቲዋይ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የዶላር ምልክትና በቅንፍ ውስጥ በትናንሽ ፊደል ቲቲዋይ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አታስገባ። በዚህ ዓይነት አዲስ ተርሚናል ወይም አዲስ የቲመክስ መስኮት በከፈትክ ቁጥር የቢሮ ቁጥሩ እንደገና ይጠየቃል። ቀድመው የተከፈቱ መስኮቶች ግን አሮጌውን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ዝጋቸውና አዲስ ክፈት። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ኔትወርክ ተቋርጦብህ ተመልሰህ ስትገባ ግን አትጨነቅ፤ ከማስተካከያው በኋላ የከፈትከው የቲመክስ መስኮት ቁጥሩ አይቀየርም።

ሁለተኛ፣ ተላላኪውን ቁርጥ አድርገህ ምረጥ። ነጥብ-ግኑፒጂ በሚለው ፎልደር ውስጥ ጂፒጂ-ኤጀንት ነጥብ ኮንፍ የሚል ፋይል ክፈት፤ ከሌለ ፍጠረው። አንድ መስመር ብቻ፦ ፒንኤንትሪ-ፕሮግራም፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሙሉ አድራሻው፣ ማለትም እዝባር ዩኤስአር እዝባር ቢን እዝባር ፒንኤንትሪ-ከርሰስ። አንድ ፊደል ከሳትክ «ኖ ፒንኤንትሪ» የሚል ስህተት ታገኛለህ፤ ያኔ አድራሻውን አስተካክል እንጂ ሶፍትዌሩን አራግፈህ እንደገና አትጫን። ከዚያ ጂፒጂኮንፍ፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ ኪል፣ ክፍተት፣ ጂፒጂ-ኤጀንት ብለህ ኤጀንቱን ግደለው። አትዘንለት፤ ሲፈለግ ራሱ ይነሳል። ይህን ካላደረግህ ኤጀንቱ የድሮውን ማስተካከያ ይዞ ይቆያል፣ አንተም «ምክሩ አልሠራም» ትላለህ።

ከርሰስን መምረጥ ዋጋ አለው። ቢሮ ፊት ለፊት ስትቀመጥም ፒኑን የሚጠይቅህ ተርሚናል ውስጥ ይሆናል። እንደ ተንደርበርድ ካለ ግራፊክ ፕሮግራም ጂፒጂን የምትጠራ ከሆነ ተላላኪው የሚስልበት ተርሚናል ያጣል። የተርሚናሉ መስኮት በጣም ጠባብ ከሆነም ሳጥኑን መሳል አይችልም፤ ቲመክስን አራት ቦታ ከፋፍሎ መሥራት ለሚወድ ሰው ይህ ያጋጥማል። ያንተ ሥራ ግን ሁሉም ተርሚናል ውስጥ ስለሆነ ከርሰስ ይሻልሃል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ በካርዱ እንዳትሞክረው። አንድ ዕድል ነው የቀረህ። ካርዱን ሳትነካ ተላላኪውን መፈተን ይቻላል፦ ጂፒጂ ብለህ ሁለት ሰረዝ ሲሜትሪክ ብለህ አንድ የማይረባ ፋይል ስጠው። ይህ ፋይሉን በይለፍ ቃል ብቻ የሚያመሰጥር ነው፤ የሚጠይቅህ ግን ያው ኤጀንትና ያው ፒንኤንትሪ ነው። ሳጥኑ በትክክለኛው መስኮት ከመጣ፣ የምትጽፈው ፊደል ሁሉ አንድ በአንድ ኮከብ ሆኖ ከታየ፣ መንገዱ ተስተካክሏል። ደጋግመህ ብትሳሳትም ካርዱ አያውቅም።

እግረ መንገዴን ስለ ኪቦርድ። ፒን ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም፤ ፊደልም ይይዛል። ላፕቶፕህ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ካለህ፣ ከጓደኛህ ጋር በቴሌግራም ስታወራ ቆይተህ ሳትመልሰው ወደ ተርሚናል ከመጣህ፣ የምትጽፈው በግዕዝ ፊደል ነው። የሚታይህ ደግሞ ኮከብ ብቻ ነው። ይህን ስህተት በሳቅ የሚያልፈው ሦስት ዕድል ያለው ሰው ነው። የቁጥር ሰሌዳው መብራት መጥፋቱም እንዲሁ ያስታል።

ሁለት ነገር በአጭሩ። ሱ ወይም ሱዱ ብለህ ወደ ሌላ ተጠቃሚ ተዛውረህ ጂፒጂን ከጠራህ፣ ተርሚናሉ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ንብረት ስለሆነ ከርሰስ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይባላል፤ በዚያው ተጠቃሚ ስም በቀጥታ በኤስኤስኤች መግባት ነው መፍትሔው። ሌላው፣ ቢሮ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ማንም ስሙን አስገብቶ ካልከፈተው፣ ከርቀት ስትገባ ካርዱ ራሱ ላይታይህ ይችላል። ኡቡንቱ የካርዱን ፈቃድ በቅድሚያ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። ይህ የፒን ችግር አይደለም፤ ከርሰስም አይፈታውም።

ቁልፉን ደምስሼ አዲስ ልፍጠር ላልከው፦ በፍጹም። ችግሩ መንገዱ ላይ ስለሆነ አዲሱም ቁልፍ በዚያው መንገድ ይጠፋል። ከዚያም በላይ፣ ካርድ ላይ የተፈጠረ የምስጢር ቁልፍ ተገልብጦ አይወጣም፤ ከደመሰስከው ሄደ ነው።

ፒኑን ስክሪፕት ውስጥ መክተትስ? ሉፕባክ የሚባል መንገድ አለ። ተላላኪውን ትቶ ጂፒጂ ራሱ ተርሚናሉ ላይ እንዲጠይቅ ያደርጋል። በእጅህ እየጻፍክ ለአንድ አስቸኳይ ቀን ብትጠቀምበት አልጣላህም። ፒኑን ትእዛዙ ላይ ወይም ስክሪፕት ውስጥ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ትእዛዝ ላይ የተጻፈ ነገር በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ የሂደቶችን ዝርዝር ሲያይ ሊያነበው ይችላል። ደግሞ ስክሪፕት አይደክመውም። ፒኑን ቀይረህ ስክሪፕቱን ካላስተካከልክ፣ አንተ ቡናህን ሳትጠጣ ሦስቱን ዕድል ይጨርስልሃል። ፒን ስክሪፕት ውስጥ ከተጻፈ ለዩቢኪው ያወጣኸው ገንዘብ ለምን ነበር?

ፒኑ ከተቆለፈ ደግሞ የአስተዳዳሪው ፒን ይከፍተዋል። ጂፒጂ፣ ሁለት ሰረዝ ካርድ-ኤዲት ብለህ፣ ገብተህ አድሚን፣ ከዚያ ፓስደብልዩዲ በል፤ ፒኑን ክፈት የሚል ምርጫ ይመጣል። የአስተዳዳሪው ፒን ከፋብሪካ ሲመጣ 12345678 ነው፤ የተጠቃሚው 123456። ሁለቱንም ሳትቀይር እየሠራህ ከሆነ ፒን አለኝ አትበል። የአስተዳዳሪውም ፒን ያለው ዕድል 3 ነው። እሱም ካለቀ የሚቀረው ካርዱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው፤ ያኔ በላዩ ያለው ቁልፍ ሁሉ ይጠፋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በችኮላ ሁለቱን ፒኖች አምታትቼ እዚህ ደርሻለሁ። የማመስጠሪያ ቁልፌ ቅጂ አልነበረኝም። ፋይሎቹ አሁንም ሃርድ ዲስኬ ላይ አሉ። የሚከፍታቸው የለም።

አሁን ቁርጥ ያለው ምክሬ። ተላላኪውን አስተካክል፤ ግን ዩቢኪውን ቢሮ ተሰክቶ መተውህን አቁም። ኤጀንቱ ዲስክ ላይ ላለ ቁልፍ የይለፍ ቃልን የሚያስታውሰው ሳይነካ ለ600 ሰከንድ፣ ቢበዛ ለ7200 ሰከንድ ነው። ለካርድ ይህ ሰዓት አይሠራም። ካርዱ ፒኑን አንድ ጊዜ ከተቀበለ፣ እስኪነቀል ወይም ዳግም እስኪነሳ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዩቢኪ ደግሞ በልማድ ለእያንዳንዱ ፊርማ ፒን አይጠይቅም። ጠዋት ፒን ጽፈህ ወጥተህ ከሆነ፣ ወንበርህ ላይ የተቀመጠ ሁሉ በስምህ ሊፈርም ይችላል። አንዳንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ሆነህ ያለ ፒን ሠርቶልህ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ደስ ሊልህ አይገባም።

ስለዚህ ኮዱን ላፕቶፕህ ላይ ገልብጥና እዚያው ፈርም፤ የተፈረመውን ላክ። ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ቢሆንም ጂፒጂፎርዊን አለ። የግድ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ መፈረም ካለብህ የኤጀንቱን ሶኬት (ጂፒጂ ኤጀንቱን የሚያናግርበትን መስመር) በኤስኤስኤች ማሻገር ይቻላል፤ ፒኑን ላፕቶፕህ ላይ ትጽፋለህ፣ ፊርማው ቢሮ ይደርሳል። ግን ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለው ኤጀንት ሶኬቱን እንዳይቀማም መከልከል አለበት። ለአንድ ሰው ሥራ ብዙ ልፋት ነው። ጊት ከ2.34 ስሪት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ፣ በኤስኤስኤች ቁልፍም መፈረም ይቀበላል፤ ያ ፒንኤንትሪን ጨርሶ ያስቀራል፣ አብረውህ የሚሠሩት ፊርማውን የሚያረጋግጡበትን መንገድ ግን መቀየር ይኖርባቸዋል።

ያቺን የቀረችህን አንድ ሙከራ ሸዋ ሮቢት ሆነህ አትጠቀምባት። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥ፣ ቲመክስ ሳትከፍት፣ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ መሆኑን አይተህ፣ ተላላኪውን በሲሜትሪክ ፈትነህ፣ ከዚያ ፒኑን ቀስ ብለህ ጻፍ። ቆጣሪው 3 ማለቱን አረጋግጥ። በዚያው ጂፒጂ፣ ሁለት ሰረዝ ቼንጅ-ፒን ብለህ ያቺን ታሪክ ፋይል ውስጥ ያደረች ፒን ቀይራት። የአስተዳዳሪውን ፒን ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤትህ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ። ዩቢኪውን ግን ነቅለህ ኪስህ ክተት፤ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አብሮህ ይውረድ።